ኢብኑል ሀይሠም፦ የማየትን ምስጢር የፈታው ዓሊም

ሐሰን ኢብኑል ሀይሠም የተወለደው እ.ኤ.አ. በ965 ገደማ በኢራቋ በስራ ከተማ ነው። በሂሳብ ኢልም ስሙ በገነነ ጊዜ፣ የዓባይን ሙላት በግንባታ ማስተካከል ይቻላል ማለቱ በግብጽ ለነበረው የፋጢሚያ ኸሊፋ ለአልሓኪም ደረሰው። ኸሊፋውም አስጠርቶ ወደ አስዋን ላከው።

የታሪክ ጸሐፊዎች እንደዘገቡት፣ በመንገዱ የጥንት ግብጻውያንን ግዙፍ ሕንፃዎች አየ። ወንዙን መግታት ቢቻል ኖሮ እነዚህ ሰዎች ይቀድሙኝ ነበር ብሎ አሰበ። ቦታውን ሲመረምርም ክረምት ከሀገራችን ደጋዎች የሚወርደው ውሃ በዘመኑ መሣሪያ እንደማይያዝ ተረዳ። ተመልሶ አለመቻሉን ተናገረ። የኸሊፋውን ቁጣ ስለፈራ ግን እብድ መሰለ፤ አልሓኪም በ1021 እስኪሞት ድረስም በቤቱ ተዘግቶበት ቆየ። ከዚያ በአልአዝሀር መስጂድ አቅራቢያ መጻሕፍት እየገለበጠ ኖረ። በ1040 ገደማም ካይሮ ውስጥ አረፈ።

ከሥራዎቹ የገነነው ባለ 7 ክፍሉ ኪታቡል መናዚር ነው። ከሱ በፊት ኤውክሊድና በጥሊሞስ ዓይን ጨረር እየረጨ ያያል ይሉ ነበር። እሱ ግን ኃይለኛ ብርሃን ዓይንን እንደሚጎዳ አስተዋለ፤ በጨለማ ክፍልም ብርሃንን ፈተነ። የምናየው ብርሃን ከነገሮች ወደ ዓይናችን ስለሚገባ መሆኑን አስረዳ። ዓይን ብቻውን እንደማያውቅም ጻፈ፤ አእምሮ አሁን የሚታየውን ቀድሞ ካየው ጋር እያነጻጸረ ይፈርዳል። መጽሐፉ ወደ ላቲን ተተርጉሞ በ1572 ባዝል ከተማ ታተመ።

ዛሬ የዓይን ሕመምን የሚለየው ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራው በተመሳሳይ መንገድ ነው። በርካታ የሬቲና ፎቶዎችን አይቶ ይማራል፤ አዲሱን ፎቶ ከተማረው አንጻር ይፈርዳል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እንዲህ ያለውን የመጀመሪያ መሣሪያ የፈቀደው በ2018 ነው። መሣሪያው ስኳር ሬቲናን መጉዳቱን ካየ ታካሚውን ወደ ዓይን ሐኪም ይልካል፤ ካላየ ከ12 ወር በኋላ እንዲመረመር ይነግረዋል። ፎቶው ካልጠራ ደግሞ ውጤት አይሰጥም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ስኳር ሬቲናን ሲጎዳ መጀመሪያ ላይ ምልክት አያሳይም፤ ሰውየው ማየት ሲሳነው ብዙ ጊዜ ረፍዷል። የዓይን ሐኪም እንደልብ በማይገኝበት ገጠራችን ጥቅሙ ግልጽ ነው።

ኢብኑል ሀይሠም ግን አንድ ነገር ይጨምርልናል። እውነትን ፈላጊ የቀደሙትን ሊቃውንት ቃል ሳይመረምር እንዳይቀበል፣ ራሱንም እንዲጠራጠር አስተምሯል። በዓባይ ዳር የራሱን ሐሳብ መርምሮ ስህተቱን ያመነ ሰው ነውና ምክሩ ከሕይወቱ የወጣ ነው። ማሽኑም ይህ ምርመራ አይቀርለትም፤ የሌላ ሀገር ሰዎችን ዓይን ብቻ አይቶ ከተማረ በእኛ ላይ ከመፍረዱ በፊት በእኛው ዘንድ ይፈተን።

ስኳር ያለባችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ደህና ብታዩም በዓመት አንድ ጊዜ ዓይናችሁን ተመርመሩ። ዓይን የአላህ አማና ነው። አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ይወፍቀን።