ጄ. አር. አር. ቶልኪን

ጆን ሮናልድ ሩኤል ቶልኪን (ከጃንዋሪ 3 ቀን 1892 እስከ ሴፕቴምበር 2 ቀን 1973 እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊ ደራሲና የጥንታዊ እንግሊዝኛ ሊቅ ነበር። በተለይ «ሆቢት» እና «የቀለበቶቹ ጌታ» በተባሉት ልብ ወለዶቹ ይታወቃል። ታሪኮቹ የሚካሄዱበት «መካከለኛው ምድር» የተሰኘ የምናብ ዓለም የራሱ ቋንቋዎች፣ ጎሳዎችና እስከ አያት ቅድመ አያት የሚቆጠሩ የዘር ሐረጎች አሉት። በጠረጴዛ ዙሪያ የሚደረጉት የምናብ የሚና ጨዋታዎችም ከዚህ ዓለም ብዙ ወስደዋል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና አስተዳደግ

ቶልኪን የተወለደው በደቡባዊ አፍሪካ ብሉምፎንቴይን ከተማ ሲሆን አባቱ አርተር በዚያ የባንክ ሠራተኛ ነበር። ልጁ 3 ዓመት ሲሞላው እናቱ ሜብል እሱንና ታናሽ ወንድሙን ሂላሪን ይዛ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ እንግሊዝ ሄደች። አባቱ ሊከተላቸው ሲያስብ ታሞ በ1896 በዚያው ሞተ። ሜብል ልጆቿን ይዛ በበርሚንግሃም አጠገብ ሴርሆል በተባለች መንደር ተቀመጠች። መንደሪቱና ወፍጮ ቤቷ በኋላ ለሆቢቶች አገር መነሻ ሆነዋል።

በ1900 ሜብል የካቶሊክ እምነትን ስትቀበል ዘመዶቿ ተቆጥተው ይሰጧት የነበረውን የገንዘብ ድጋፍ አቋረጡ። በ1904 በስኳር በሽታ ሞተች፤ ኢንሱሊን ገና አልተገኘም ነበር። ልጇ ዕድሜውን ሙሉ ስለ እምነቷ እንደ ተሠዋች አድርጎ ያያት ነበር። የ12 ዓመቱን ልጅና ወንድሙን በአደራ ያሳደጓቸው አባ ፍራንሲስ ሞርጋን የተባሉ ካህን ናቸው።

የቤተሰቡ ስም የመጣው ከጀርመን አገር ነው። ቶልኪን ግን ራሱን ይቆጥር የነበረው በእናቱ ወገን፣ የምዕራብ እንግሊዝ ሰዎች በሆኑት በሳፊልዶች ነበር። ቤተ ዘመድ ያላስጠጋው ልጅ አድጎ ዘር ቆጠራን የመጽሐፉ አካል ማድረጉ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነው።

ጋብቻና ጦርነት

በ16 ዓመቱ እንደ እሱ ወላጅ አልባ የሆነችውን ኢዲት ብራትን ወደደ። ካህኑ 21 ዓመት እስኪሞላው እንዳያገኛት ከለከሉት፤ እሱም ታዘዘ። 21 ዓመት በሞላበት ሌሊት ደብዳቤ ጻፈላት። ለሌላ ሰው ታጭታ ነበርና እጮኝነቷን አፍርሳ በ1916 ተጋቡ። አራት ልጆች ወልደዋል።

በዚያው ዓመት በሶም ጦርነት የመልእክት መኮንን ሆኖ ተሰለፈ። ከትምህርት ቤት ጀምሮ አብረውት ከነበሩት ሦስት የቅርብ ጓደኞቹ ሁለቱ በ1916 ሞቱ። እሱ በቅማል በሚተላለፍ የምሽግ ትኩሳት ታሞ ወደ እንግሊዝ ተመለሰ፤ የመካከለኛው ምድርን የመጀመሪያ ታሪኮች መጻፍ የጀመረውም ከዚህ ሕመም ሲያገግም ነው።

የቋንቋ ሊቅነቱና የኢትዮጵያውያን ስም

ከጦርነቱ በኋላ በኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ሠራ፤ በሊድስ አስተማረ፤ ከ1925 እስከ 1959 ደግሞ በኦክስፎርድ ፕሮፌሰር ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ቋንቋ ይፈጥር ነበር። ከፈጠራቸው የኤልፎች ቋንቋዎች አንዱ የፊንላንድን፣ ሌላው የዌልስን ቋንቋ ለዛ ይከተላል፤ ሁለቱም ከአንድ ጥንታዊ ቋንቋ የተወለዱ ተደርገው ተሠርተዋል። ለእሱ ቋንቋው ይቀድማል፣ የሚናገረው ሕዝብ ይከተላል። የጎሳዎቹ የዘር ሐረግ ከቃላቱ የዘር ሐረግ ጋር ተሳስሮ የበቀለ በመሆኑ የአንዱን ሕዝብ መለያየት ከቋንቋው መለያየት ማንበብ ይቻላል።

በ1932 እና በ1934 በሁለት ክፍል ያሳተመው አንድ ጥናት ለአማርኛ አንባቢ የተለየ ትርጉም አለው። የጥንት እንግሊዞች ኢትዮጵያውያንን «ሲጌልሄርዋን» ብለው ይጠሩ ነበር። ቶልኪን ቃሉን ሁለት ቦታ ከፍሎ የመጀመሪያውን ከፀሐይና ከዕንቁ፣ ሁለተኛውን ከፍም፣ ከግለትና ከጥላሸት ጋር አያያዘ። ስሙም መጽሐፍ ቅዱስ ሳይደርሳቸው በፊት እንግሊዞች በአፈ ታሪካቸው ስለ እሳት ፍጡራን የሚያወሩበት ሳይሆን እንዳልቀረ ገመተ። ስለዚህ ጥናቱ ከእውነተኛዋ ኢትዮጵያ ይልቅ እንግሊዞች ስለ ሩቅ አገር የነበራቸውን ሕልም የሚያሳይ ነው። አንዳንድ ሊቃውንት በልብ ወለዱ ውስጥ ያለውን «ባልሮግ» የተባለ የእሳት ጭራቅ ከዚህ ጋር ያያይዙታል።

የዘር ሐረግ በመጻሕፍቱ

«ሆቢት» በ1937፣ «የቀለበቶቹ ጌታ» በሦስት ቅጽ በ1954 እና በ1955 ታተሙ። ሆቢቶች ቁመታቸው አጭር፣ እግራቸው ጠጉራም፣ ሰላም ወዳድ ገበሬዎች ናቸው። ሃርፉት፣ ስቱርና ፋሎሃይድ በሚባሉ ሦስት ነገዶች ይከፈላሉ። ትልቁ ደስታቸው ዘር መቁጠር ነው፤ በመጽሐፉ መጨረሻም የባጊንስ፣ የቱክ፣ የብራንዲባክና የጋምጂ ቤተሰቦች የትውልድ ሠንጠረዥ ተያይዟል። የመጨረሻው የአትክልተኛው የሳም ዘር ሐረግ ነው። ደራሲው ለአትክልተኛ ቤት ከጌቶቹ እኩል ሠንጠረዥ መስጠቱ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም።

በነገሥታቱ ዘንድ ግን ዘር የደም ዋጋ ያስከፍላል። በአባሪዎቹ ውስጥ የተተረከው የጎንዶር የዘመዳሞች ጦርነት የተነሣው ንጉሥ ኤልዳካር በእናቱ ከባዕድ ሕዝብ ስለሚወለድ ነበር። ደሙ ተበክሏል ያሉት ዘመዶቹ አባረሩት፤ ካስታሚር የተባለው ዘመዱም ዙፋኑን ነጠቀ። ኤልዳካር ከ10 ዓመት በኋላ በእናቱ ወገኖች እርዳታ ተመለሰ፤ የተፈራው የዕድሜ ማጠርም አልታየበትም። ይሁን እንጂ በሌላ ቦታ እነዚያው መጻሕፍት የጥንቱን ንጹሕ ዘር ከፍ አድርገው ያያሉ፤ ኦርኮች የተባሉት ፍጡራንም በጅምላ ክፉ ሆነው ቀርበዋል። አንድ ሕዝብ በሙሉ ከመዳን ውጭ ሊሆን ይችላልን የሚለው ጥያቄ እንደ ካቶሊክነቱ ያስጨንቀው ነበር፤ የኦርኮችንም አመጣጥ ደጋግሞ ቢቀያይረውም ሳይቋጨው ሞተ።

የ1938 ደብዳቤ

በ1938 አንድ የጀርመን አሳታሚ «ሆቢትን» ለማስተርጎም ሲደራደር ደራሲው የአሪያን ዘር መሆኑን እንዲያረጋግጥ ጠየቀው። በናዚ አገዛዝ ይህ የተለመደ ቅጽ መሙላት ነበር፤ የጀርመን የቤተሰብ ስም ላለው ሰው መልሱም ቀላል ይመስላል። ቶልኪን ግን ሁለት ረቂቅ ጽፎ የእንግሊዝ አሳታሚው እንዲመርጥ ላከ። በእጅ በቀረው ረቂቅ ላይ አሪያን የሚለው ቃል በትክክል የኢንዶ-ኢራን ቋንቋ ተናጋሪዎችን እንደሚመለከት አስረዳ። የተጠየቀው አይሁዳዊ መሆኑን እንደሆነ ደግሞ፣ ከዚያ ባለ ተሰጥኦ ሕዝብ የሚወለዱ አያቶች እንደሌሉት ሲጽፍ በጸጸት ነበር። የጀርመንኛው ትርጉም የወጣው በ1957 ነው። ሆቢቶችን ዘር ሲያስቆጥር የሚደሰተው ሰው መንግሥት ዘር ሲያስቆጥር አልተባበረም።

አድናቂዎቹ

በ1965 አንድ የአሜሪካ አሳታሚ በቅጂ መብት ሕጉ ክፍተት ተጠቅሞ «የቀለበቶቹ ጌታን» ያለ ደራሲው ፈቃድ በርካሽ አሳተመ። ቶልኪን ለአንባቢዎቹ በሚጽፋቸው መልሶች ላይ ነገሩን ይገልጽላቸው ጀመር። አንባቢዎቹም አሳታሚውን አጥብቀው ተቃወሙ፤ በመጨረሻ አሳታሚው የደራሲውን ድርሻ ለመክፈልና ዳግመኛ ላለማሳተም ተስማማ። ጠቡ ግን መጽሐፉን በኮሌጅ ተማሪዎች ዘንድ አስፋፋው። በዚያው ዓመት በአሜሪካ፣ በ1969 ደግሞ በእንግሊዝ የአድናቂዎቹ ማኅበራት ተቋቋሙ።

አድናቂዎቹ የኤልፍ ፊደል ያጠኑ፣ ያልተሟላ የዘር ሐረግ እያነሡ ይጠይቁት ነበር። እሱም ታሪኩን እንደ ፈጠረው ሳይሆን ከጥንት መዝገብ እንዳገኘው ሰው ለብዙዎቹ በትዕግሥት ይመልስ ነበር። ሆኖም ሁሉም ጨዋ አልነበረም። የሰዓት ልዩነቱን ያላሰቡ አሜሪካውያን በእኩለ ሌሊት ስልክ ይደውሉለት ነበር። በ1968 ከኢዲት ጋር በባሕር ዳርቻ ወዳለችው ቦርንመዝ ሄደ። ኢዲት በ1971 ስትሞት ወደ ኦክስፎርድ ተመለሰ፤ እሱም በ1973 ለጉብኝት በሄደበት በቦርንመዝ አረፈ። በኦክስፎርድ በአንድ መቃብር ተቀብረዋል። በድንጋዩ ላይ ከስማቸው በታች በታሪኮቹ ውስጥ ከተለያየ ዘር ተወልደው የተጋቡት የሉቲየንና የቤረን ስሞች ተጽፈዋል። ያላለቁ ጽሑፎቹን ልጁ ክሪስቶፈር አሰናድቶ ከ1977 ጀምሮ አሳተመ።

በጠረጴዛ ጨዋታዎች

ቶልኪን በሞተ በዓመቱ፣ በ1974፣ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በአሜሪካ «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለውን ጨዋታ አወጡ። ተጫዋቾች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፤ አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ ውጤቱን የሚወስነው ዳይስ ነው። በመጀመሪያው እትም ሆቢትና ባልሮግ በስማቸው ነበሩ። የቶልኪን ሥራዎች የንግድ መብት ባለቤቶች ሲቃወሙ ሆቢት «ሃፍሊንግ» ተባለ። ስሙ ቢቀየርም ዘሩ አልተቀየረም፤ በ1977ቱ የጨዋታው መጽሐፍ ሃፍሊንጎች ልክ እንደ ሆቢቶች በሦስት ነገድ ተከፍለው እናገኛቸዋለን። ጋይጋክስ የቶልኪን ተጽዕኖ ትንሽ ነው ይል ነበር፤ የጨዋታውን የዘሮች ዝርዝር ላየ ሰው ግን ይህን ማመን ያስቸግራል።

በ1984 መካከለኛው ምድር በፈቃድ የራሱን የሚና ጨዋታ አገኘ። በእንዲህ ያሉ ጨዋታዎች ተጫዋቹ በመጀመሪያ የሚመርጠው ዘሩን ነው፤ ዘሩም ጉልበቱንና ብልሃቱን በቁጥር ይጨምርለታል ወይም ይቀንስበታል። በመጽሐፉ አንባቢን ያከራከረው የኤልዳካር ጉዳይ እዚህ የሂሳብ ደንብ ሆነ። ኦርክም ሳይጠየቅ የሚገደል ጠላት ሆኖ ቀረ። ተጫዋቾቹ ራሳቸው ለብዙ ዓመታት ሲከራከሩበት ከቆዩ በኋላ፣ በ2024ቱ የ«ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» እትም «ዘር» የሚለው ቃል ወጥቶ «ዝርያ» በሚል ተተካ፤ የጉልበትና የብልሃት ጭማሪውም ገጸ ባሕርዩ ከተወለደበት ወገን ተነሥቶ ካደገበት ኑሮና ከሙያው ጋር እንዲያያዝ ተደረገ።