የሐኪሙ የኤድዋርዶ ባሲኒ ሕይወት

አያቴ በቡአ ሕመም ኦፕራሲዮን ተደርገው ከዳኑ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እበጡ በዚያው በብሽሽታቸው ተመለሰባቸው። እርሳቸው ግን አፍረው ዓመት ሙሉ ደበቁን። የተመለሰ ቡአ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ስጠይቅና ሳነብ የአንድ ሐኪም ታሪክ አገኘሁ፤ ለውድ አንባብያንም በአጭሩ ላቀርበው ወደድሁ። የዘመኑ ቁጥር ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ነው።

ኤድዋርዶ ባሲኒ በ1844 በኢጣሊያ አገር በፓቪያ ከተማ ተወለደ። በ1866 የሕክምና ትምህርቱን ፈጸመ፤ በሚቀጥለው ዓመት ከጋሪባልዲ ወዶ ዘማቾች ጋር ወደ ሮማ ዘመተ። በቪላ ግሎሪ ውጊያ ብሽሽቱን በሳንጃ ተወግቶ ተማረከ፤ አንጀቱም ስለ ተነካ ብዙ ወራት ተሠቃየ። ከዳነ በኋላ በቪየና፥ በበርሊንና በለንደን ከታላላቅ ሐኪሞች ተማረ፤ ቁስልን ከመመርቀዝ የመጠበቅን ጥበብም ከሊስተር ቀሰመ። ከዚያም በፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ጥገና መምህር ሆነ።

ቡአ ማለት የሆድ ግድግዳ ሲሳሳ አንጀት ገፍቶ የሚወጣበት ሕመም ነው። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ ሐኪሞች የውጭውን ቀዳዳ ብቻ ይሰፉ ስለ ነበር ሕመሙ ቶሎ ይመለስ ነበር። ባሲኒ ግን ከ1884 ጀምሮ ብሽሽቱን በጥልቀት ከፍቶ፥ ጡንቻውን ከጅማቱ ጋር ሰፍቶ፥ የኋላውን ግድግዳ እንደ ገና ሠራ።

እኔን ይበልጥ ያስደነቀኝ ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው። በሽተኞቹን ካሰናበተ በኋላ ሁኔታቸውን ይከታተል ነበር። በ1889 ባሳተመው መጽሐፍ ከ262 ኦፕራሲዮኖች በ7ቱ ቡአው እንደ ተመለሰ ሳይደብቅ ጻፈ። በ1924 ዐረፈ።

ከእርሱ በኋላ የተነሡ ሐኪሞች ሥራውን አሻሻሉት። ዛሬ የሳሳውን ቦታ በመረብ ያጠነክራሉ። በፊት በኩል ተሰፍቶ ለተመለሰ ቡአ ደግሞ በሆድ ላይ ትንንሽ ቀዳዳ በስተው፥ ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያ አስገብተው፥ የቀድሞውን ጠባሳ ሳይነኩ መረቡን ከበስተኋላ ያኖራሉ። አያቴም በመጨረሻ የታከሙት በዚህ ዓይነት ነው፤ አሁን ያለ ምርኩዝ ይሄዳሉ። ሆኖም ቡአ ከቶ እንዳይመለስ የሚያደርግ ዘዴ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

አያቴ አንዱን ሕመማቸውን ደበቁ፤ ባሲኒ ሰባቱን ጉድለቶቹን ለዓለም ገለጠ። ጓደኞቼ ሆይ፥ ፈተና ወድቀን ወረቀቱን ከወላጆቻችን የምንሸሽግ ሁሉ ይህን ሰው እናስብ። የተደበቀ ጉድለት አይታከምምና።