በመስኮት በታየ ዛፍ የጀመረ ቀለም፤ የሠዓሊ አልማ ቶማስ ሕይወት

ዕድሜ ሲገፋ ጉልበት ይከዳል፣ ጣት ይዝላል፤ ሰውም የድርሻዬን ሠርቻለሁ ብሎ ወደ ዕረፍቱ ያዘግማል። አሜሪካዊቷ ሠዓሊ አልማ ቶማስ ግን ስሟን ከመቃብር በላይ ያዋለውን ሥራ የጀመረችው ሰባ ዓመቷን ከተሻገረች በኋላ ነበር። የመገጣጠሚያ ሕመም እጆቿን ባሠረበት፣ ብሩሽ መያዝ ጭንቅ በሆነባት ጊዜ፣ ከቤቷ መስኮት ፊት የቆመ አንድ ዛፍ አዲስ መንገድ አሳያት። ከዚያ ዛፍ ተነሥታም አበባን፣ ነፋስን፣ ፀሐይንና ጨረቃን በደማቅ ቀለም በሸራ ላይ አሰፈረች።

አልማ እ.አ.አ በ1891 በደቡባዊ አሜሪካ፣ በጆርጂያ ግዛት ኮሎምበስ ከተማ ተወለደች። ከአራት እኅትማማቾች የበኩሯ ናት። አባቷ ነጋዴ ነበር፤ እናቷ ደግሞ ልብስ እየነደፈች ትሰፋ ነበር። የልጅነት ቤቷ አበባ የማይለየው ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ በአላባማ ግዛት ወደሚገኘው የአያቷ እርሻ ትሄድና በዕፅዋቱ መካከል ትውላለች። በልጅነት ዐይን የገባ ቀለም በቀላሉ አይደበዝዝምና፣ ያ እርሻና ያ የአበባ መደብ ከብዙ ዓሥርት ዓመታት በኋላ በሥዕሎቿ ውስጥ ዳግም በቀለ።

ነገር ግን የተወለደችበት ምድር ለጥቁሮች የተመቸ አልነበረም። በኮሎምበስ ለጥቁር ልጆች የሚሆን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አልነበረም። የቤተ መዘክር በርም ለእነርሱ ዝግ ነበር። በ1906 በግዛቲቱ ዋና ከተማ በአትላንታ ነጮች በመንጋ ተነሥተው በጥቁሮች ላይ ግድያ ፈጸሙ። በቀጣዩ ዓመት የቶማስ ቤተሰብ ለሕይወቱ ደኅንነትና ለልጆቹ ትምህርት ሲል ጓዙን ሸክፎ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ ተሻገረ። በዚያች ከተማ በዐሥራ አምስተኛው ጎዳና የገቡበት ቤት ለአልማ እስከ ዕለተ ሞቷ መኖሪያ፣ በኋላም የሥዕል መሥሪያ ሆነ።

በወጣትነቷ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ የመሆን ምኞት ነበራት፤ በዚያ ዘመን ግን ሙያው ለሴት፣ ይልቁንም ለጥቁር ሴት በሩን የከፈተ አልነበረም። ስለዚህ መምህርነትን ያዘች። ቆይታም ወደ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገብታ በ1924 ከሥነ ጥበብ ትምህርት ክፍሉ የተመረቀች የመጀመሪያዋ ተማሪ ሆነች። ኢትዮጵያዊው ሠዓሊ እስክንድር ቦጎስያን ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለረጅም ዓመታት ያስተማረው በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነው። አልማ ከምረቃዋ በኋላ በሾው መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለ35 ዓመታት ያህል ሥዕል አስተማረች። ትምህርት ቤቱ የነበረበት የሾው ሰፈር ዛሬ በርካታ ኢትዮጵያውያን ምግብ ቤትና ሱቅ ከፍተው የሚሠሩበት ሰፈር ነው።

እነዚያ ዓመታት የሌሎችን እጅ የማቅናት ዓመታት ነበሩ። የአካባቢው ሕፃናት ሥዕል እንዲያዩ፣ እንዲሞክሩና እንዲወዱ ደከመች። ለራሷ ሥራ የሚተርፋት ጊዜ ጥቂት ነበር። በ1950ዎቹ ዕድሜዋ ስድሳን ሲቃረብ፣ ከማስተማሩ ጎን ለጎን በአሜሪካን ዩኒቨርሲቲ የሥዕል ትምህርት ተከታተለች። በ1960 ጡረታ ስትወጣ ጊዜ አገኘች፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ሕመሙ በረታባት። ሥዕልን እስከ መተው የሚያደርስ ሐሳብም መጣባት።

በዚህ መካከል ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሥራዎቿን ዐውደ ርእይ በ1966 ለማዘጋጀት ጥያቄ አቀረበላት። አልማ ከዚህ በፊት ሠርታ የማታውቀውን ነገር ለማቅረብ ወሰነች፤ ነገር ግን ምን እንደሆነ ገና አልታወቃትም ነበር። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ በመስኮቱ ስትመለከት ዐይኗ በግቢው ዛፍ ላይ ዐረፈ። ዛፉ ሆሊ ይባላል፤ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ የማይረግፍ፣ ቀይ ፍሬ የሚያፈራ ዛፍ ነው። ነፋስ ቅጠሎቹን ሲያወዛውዝ የፀሐይ ብርሃን በመካከላቸው እየሾለከ በመስኮቱ፣ በግድግዳውና በወለሉ ላይ ቅርጽ ሲሠራ አየች። ያ ዛፍ ለዓመታት በዚያው የቆመ ነበር፤ አዲስ የሆነው አስተያየቷ ነው።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የዛፍን ግንድና ቅርንጫፍ እንዳለ መሣል ተወች። በሸራው ላይ በእርሳስ ቀጫጭን መሥመሮችን ታሰምርና ጣት የሚያህሉ አጫጭር የቀለም ጭረቶችን ጎን ለጎን ትደረድራለች። በጭረቶቹ መካከል የሚቀረው ነጭ ክፍተት በቅጠሎች መካከል እንደሚሾልክ ብርሃን ያበራል። ለዚህ ሥራ የዘይት ቀለምን ትታ አክሪሊክን መረጠች። አክሪሊክ በውኃ ይቀጥናል፣ ፈጥኖም ይደርቃል፤ የቀለሙ ድምቀትም በቀላሉ አይደበዝዝም። የምትሠራበት ስፍራም ሰፊ አዳራሽ አልነበረም። በዚያች ጠባብ ቤት፣ አንዳንዴ ሸራውን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ትሥል ነበር።

ከዛፉ ቀጥሎ አበቦች መጡ። የጓሮዋን የአትክልት ስፍራ፣ የዋሽንግተንን ፓርኮችና በጸደይ የሚያብቡትን የቼሪ ዛፎች እየተመለከተች፣ የምድር ሥዕሎች የተባሉትን ተከታታይ ሥራዎቿን አወጣች። አበቦቹ ከሰማይ፣ ከአውሮፕላን ላይ ሆነው ቢታዩ ምን እንደሚመስሉም በሐሳቧ ትቃኝ ነበር። በመስከረም ከኮረብታ ላይ ቆሞ ቁልቁል ማሳውን ያየ አርሶ አደር ይህን አሣሣል ለመረዳት አይቸገርም። የኑጉ ቢጫ፣ የተልባው ሰማያዊ፣ የጤፉ አረንጓዴ መሥመር ሠርተው ጎን ለጎን ሲተኙ፣ ከሩቅ የሚታየው አበባው ሳይሆን ቀለሙ ነው። አልማም የሣለችው ያንን ነው።

በ1969 ሰዎች በአፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ሲያርፉ አልማ ሰባ ሰባት ዓመቷ ነበር። ሰው በፈረስ ጋሪ ይጓዝ በነበረበት ዘመን ተወልዳ ሰው ጨረቃን ሲረግጥ ማየቷ ልቧን ነካው። የጠፈር ጉዞዎቹን ዜና በሬዲዮና በቴሌቪዥን እየተከታተለች ሁለተኛውን ተከታታይ ሥራዋን፣ የጠፈር ሥዕሎቿን ጀመረች። በ1970 በሣለችው “ግርዶሽ” በተሰኘው ሥራዋ ጠቆር ያለውን ክብ የደማቅ ቀለም ቀለበቶች ከበውታል። በ1972 በሣለችው ሌላ ሥራ ደግሞ ሰማዩ በሙሉ የሰማያዊ ጭረት ሆኖ፣ የጠፈርተኞቹ መንኮራኩር በአንድ ጥግ እንደ ፍም ትታያለች።

ዘመኑ የጥቁር አሜሪካውያን የመብት ትግል የተፋፋመበት ነበር። በ1963 በዋሽንግተን በተካሄደው ታላቅ ሰልፍ አልማ ራሷ ተገኝታለች፤ ሰልፉንም በቀለም አስፍራዋለች። ሆኖም አብዛኛው ሥራዋ የሰው ልጅ በወገኑ ላይ የሚፈጽመውን ግፍ ሳይሆን ውበትንና ደስታን የሚያሳይ ነበር። የግፉን ክብደት ስላላወቀችው አይደለም፤ ከልጅነት ቀዬዋ ያፈናቀላት እርሱ ነውና። ቀለሟን ለምን እንደምታውል ግን በራሷ ፈቃድ መረጠች።

በ1972፣ በሰማንያ ዓመቷ፣ በኒው ዮርክ በሚገኘው የዊትኒ ቤተ መዘክር የግል ዐውደ ርእይ ያቀረበች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሴት ሆነች። በልጅነቷ የቤተ መዘክር ደጅ የተከለከለችው ሴት ሥራዎቿ ግድግዳውን ሞልተውት አየች። ከሁለት ዓመት በኋላ ዳሌዋ ተሰብሮ ለጊዜው ከሥራ ራቀች። ተመልሳም በ1976 አራት ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ በሦስት ሸራዎች የተያያዘ የቀይ አበቦች ሥዕል ሠራች። በዚህ ሥዕል አበቦቹን በሙዚቃ ምት እንደሚጨፍሩ አድርጋ አስባቸዋለች።

አልማ ቶማስ በየካቲት 1978 በሰማንያ ስድስት ዓመቷ ዐረፈች። ትዳር አልመሠረተችም፤ ልጅም አልነበራትም። ከሞተች 37 ዓመታት በኋላ፣ በ2015፣ “ትንሣኤ” የተባለው ሥዕሏ በአሜሪካ ቤተ መንግሥት በዋይት ሐውስ የመመገቢያ አዳራሽ ተሰቀለ። በቤተ መንግሥቱ ቋሚ ስብስብ ውስጥ የጥቁር ሴት ሥዕል ሲገባ ያ የመጀመሪያው ነበር። ሥዕሉ የተሣለው በ1966 ነው፤ እርሷ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ እጇ እያመማት፣ በመስኮት ዛፉን ባየችበት ዘመን።