ምድርን የሚሠራ፦ የጊዮርጊስ ስም ፍቺና የጆርጅ ካርቨር ሕይወት

ጊዮርጊስ የሚለው ስም ከጥንታዊው የግሪክ ቋንቋ የመጣ ነው። «ጌ» ምድር፣ «ኤርጎን» ደግሞ ሥራ ማለት ሲሆን፣ ሁለቱ ተጣምረው ምድርን የሚሠራ፣ ማለትም ገበሬ የሚል ፍቺ ይሰጣሉ። በሰማዕቱ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዝና በዓለም የተሠራጨው ይህ ስም በእንግሊዝ ጆርጅ፣ በስፔን ሆርሄ፣ በሩሲያ ዩሪ ሆኗል። በአገራችንም መጽሐፈ ምሥጢርን የደረሰው አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ተጠርቶበታል። ብዙ ነገሥታትም ይዘውታል፤ ፍቺውን በሥራው የኖረበት ግን በባርነት የተወለደው አሜሪካዊው የግብርና ሊቅ ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር ነው።

ካርቨር እ.ኤ.አ. በ1864 አካባቢ በሚዙሪ ግዛት ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ ወንበዴዎች ከእናቱ ጋር ወሰዱት፤ እርሱ ሲመለስ እናቱ ግን በዚያው ቀረች። ያሳደጉት የባሪያ አሳዳሪዎቹ ባልና ሚስት ናቸው። ሰውነቱ ደካማ ስለ ነበር ከከባድ ሥራ ተርፎ ዕፀዋትን ሲመረምር አደገ። ጥቁሮችን የሚቀበል ትምህርት ቤት ፍለጋ ከከተማ ከተማ ተንከራተተ፤ የሰው ልብስ እያጠበም ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1896 በአዮዋ የግብርና ኮሌጅ የማስተርስ ዲግሪውን ተቀበለ።

በዚያው ዓመት በአላባማ ግዛት በሚገኘው ተስኪጊ ተቋም ማስተማር ጀመረ። የአካባቢው መሬት በየዓመቱ ጥጥ ብቻ እየተዘራበት ለምነቱ ተሟጦ ነበር። አብዛኞቹ ጥቁር ገበሬዎች የሰው መሬት የሚያርሱ ባለ ዕዳዎች በመሆናቸው ማዳበሪያ የመግዛት አቅም አልነበራቸውም። ካርቨር ጥጥን ከኦቾሎኒና ከሌሎች ጥራጥሬዎች ጋር እንዲያፈራርቁ መከረ። ጥራጥሬዎች በሥራቸው ላይ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው አፈሩን ያበለጽጋሉ። የረገፈ ቅጠልም ከመቃጠል ይልቅ በስብሶ ወደ ማሳው እንዲመለስ አስተማረ።

ወደ ተቋሙ መምጣት ለማይችለው ገበሬ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1906 ትምህርቱ ራሱ ተጓዘለት። የእርሻ መሣሪያና ዘር የጫነ በእንስሳት የሚጎተት ጋሪ በየመንደሩ እየዞረ ሠርቶ ማሳያ ያካሂድ ነበር። ምርቱ ከማሳ አልፎ ማዕድ ላይ እንዲደርስም ካርቨር እ.ኤ.አ. በ1916 ኦቾሎኒ የሚዘጋጅባቸውን 105 መንገዶች የያዘ ጽሑፍ አሳተመ። የኦቾሎኒ ቅቤን ፈለሰፈ የሚባለው ግን ስሕተት ነው፤ ከእርሱ በፊትም የታወቀ ምግብ ነበር።

ካርቨር እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 5 ቀን 1943 አረፈ። በቁጠባ ያኖረውንም ገንዘብ ለግብርና ምርምር አወረሰ። ሰብልን ማፈራረቅ ዛሬም አቅም የሌለው ገበሬ ለማሳው ሊያደርግ የሚችለው ርካሽ ውለታ ነው።