እጅን ያስታጠበው ሐኪም፦ የዶክተር ኢግናዝ ሴመልቫይስ ሕይወትና ሥራ

ሕንፃ የሚነድፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ መሠረቱ፣ ስለ ምሰሶውና ስለ ጣሪያው ጥንካሬ ነው። ሕንፃው ካልሰነጠቀና ካላፈሰሰ ሥራችንን እንደ ፈጸምን እንቆጥራለን። ነገር ግን ሳይሰነጠቅና ሳያፈስስ ሰውን የሚጎዳ ቤት አለ። ይህንን የተማርሁት ከዩኒቨርሲቲ ሳይሆን በሰሜን ሸዋ፣ የምንጃርና ሸንኮራ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በአረርቲ፣ ራሴ ከነደፍሁት አንድ የሕፃናት ማቆያ ነው። ቧንቧው እንዲያጥርና ወጪው እንዲቀንስ ብዬ የእጅ መታጠቢያውን ከመጸዳጃ ቤቱ ጎን፣ በኮሪደሩ መጨረሻ አኑሬው ነበር። የሕፃናቱ የሽንት ጨርቅ የሚለወጥበት ክፍል ደግሞ በሌላው ጫፍ ነበር። ቤቱ አገልግሎት ከጀመረ በኋላ ልጎበኘው ስሄድ፣ አንዲት ሞግዚት አንዱን ሕፃን አጽድታ እንደ ጨረሰች ሌላው ሲያለቅስባት እጇን በሽርጧ ጠርጋ ስታነሣው አየሁ። ስለ ምን እንዳልታጠበች ብጠይቃት ኮሪደሩን በጣቷ ከማሳየት በቀር መልስ አልሰጠችኝም። ርቀቱን ስለካው 22 እርምጃ ሆነ። በዚያ ሰሞን ተቅማጥ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ሲዛመት ሰንብቶ ነበር። ጥፋቱ የሞግዚቷ ሳይሆን የንድፉ፣ ማለትም የእኔ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የአንድ ሰው ታሪክ ከሐሳቤ አልወጣም። ይኸውም በሽታ በአስታማሚ እጅ ከሰው ወደ ሰው እንደሚሻገር፣ ተህዋስያን በሽታ አምጪ መሆናቸው ገና ሳይታወቅ፣ በቁጥር ያስረዳው የዶክተር ኢግናዝ ሴመልቫይስ ታሪክ ነው። የሙያ ባልደረቦቼ ቢያውቁት ይጠቅማል ብዬ ስላመንሁ እነሆ በአጭሩ አቀርበዋለሁ። የውጭ አገሩ ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው።

ሴመልቫይስ የተወለደው ጁላይ 1 ቀን 1818 በሀንጋሪ፣ በቡዳ ከተማ ነው። ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት ካሣ ኃይሉም የተወለዱት በዚያው ዘመን ግድም ነበር። አባቱ ቅመማ ቅመምና ሸቀጣ ሸቀጥ የሚነግድ ደኅና ኑሮ ያለው ሰው ሲሆን፣ ሴመልቫይስ ከ10 ልጆቹ አምስተኛው ነበር። በ1837 ሕግ ሊማር ወደ ቪዬና ቢሄድም በዓመቱ ሐሳቡን ለውጦ ወደ ሕክምና ትምህርት ገባ፤ በ1844ም በዶክተርነት ተመረቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በጁላይ 1846፣ በቪዬና ጠቅላላ ሆስፒታል በፕሮፌሰር ዮሐን ክላይን ሥር የአንደኛው የማዋለጃ ክፍል ረዳት ሐኪም ሆነ።

ሆስፒታሉ ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩት። ከ1840 ወዲህ አንደኛው ለሕክምና ተማሪዎች፣ ሁለተኛው ለአዋላጅነት ተማሪዎች ማሠልጠኛ ተደርጎ ነበር። ወላዶች የሚገቡት በተራ ነው፤ ዛሬ የመጣች ወደ አንዱ፣ ነገ የመጣች ወደ ሌላው። ሁለቱ ክፍሎች የሚገኙት በአንድ ግቢ ሲሆን ምግባቸውም ሆነ አየራቸው አንድ ነበር። ሆኖም በ1846 በአንደኛው ክፍል ከወለዱት 4,010 እናቶች 459 ሲሞቱ፣ በሁለተኛው ከወለዱት 3,754 የሞቱት 105 ብቻ ነበሩ። በመቶ ሲሰላ በአንደኛው ከ11 በላይ፣ በሁለተኛው ከ3 በታች ማለት ነው። ገዳዩ የአራስ ትኩሳት የሚባለው በሽታ ነበር። የከተማው ሴቶች ይህን ስለሚያውቁ ወደ አንደኛው ክፍል እንዳይወስዷቸው እያለቀሱ ይለምኑ ነበር። እንዲያውም ወደ ሆስፒታሉ ሲመጡ መንገድ ላይ የወለዱት ሴቶች በሐኪም እጅ ከወለዱት ይልቅ በደኅና ይነሡ ነበር።

በዚያ ዘመን የነበሩ ሊቃውንት በሽታው ከተበላሸ አየር የሚመጣ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ሴመልቫይስ ግን እኛ መሐንዲሶች የተበላሸ መኪና ስንመረምር እንደምናደርገው አንድ በአንድ እያነጠለ ፈተነው። አየሩ ነው እንዳይባል ሁለቱ ክፍሎች የሚተነፍሱት አንድ አየር ነው። መጨናነቁ ነው እንዳይባል ሴቶቹ አንደኛውን እየሸሹ ስለሚሄዱ ይበልጥ የሚጨናነቀው ሁለተኛው ነው። በሁለተኛው ክፍል ሴቶች በጎን ተኝተው ይወልዳሉ ቢባል በአንደኛውም እንደዚያው አስደረገ፤ ለውጥ አልመጣም። ለሚሞቱት ሥጋ ወደሙ ሊያቀብል የሚመጣው ቄስ ደወል እያስደወለ በክፍሉ ሲያልፍ ሴቶቹን ያስደነግጣል ቢባል ደወሉን አስቀረ፤ አሁንም ሞቱ አልቀነሰም። የሚፈትነው ሁሉ እያለቀ ሲሄድ ልቡ እጅግ አዘነ።

በማርች 1847 ትንሽ ዕረፍት ወስዶ ከቬኒስ ሲመለስ፣ የሚወደው ባልደረባው ፕሮፌሰር ያኮብ ኮሌችካ ሞቶ ቆየው። ኮሌችካ አስከሬን ሲመረምር አንድ ተማሪ በያዘው ቢላዋ ጣቱን ወግቶት፣ ቁስሉ አመርቅዞ ነበር የሞተው። ሴመልቫይስ የአስከሬን ምርመራውን መዝገብ ባነበበ ጊዜ በኮሌችካ ሰውነት ውስጥ የተገኘው ጉዳት በአራስ ትኩሳት በሞቱት እናቶች ውስጥ ከሚታየው ጋር አንድ መሆኑን ተገነዘበ። ነገሩ በዚህ ተፈታ። ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ ጠዋት አስከሬን ሲመረምሩ ውለው፣ እጃቸውን በውኃና በሳሙና ለቅለቅ አድርገው ወላዶችን ይመረምራሉ። የአዋላጅነት ተማሪዎች ግን አስከሬን አይነኩም። ስለዚህ ሞትን ከአስከሬን ክፍል ወደ ማዋለጃው ያመላለሰው የሐኪሞች፣ ከእነርሱም አንዱ የሆነው የሴመልቫይስ የራሱ እጅ ነበር። ይህንንም አልሸሸገም፤ በእርሱ ሰበብ ስንት እናቶች እንደ ሞቱ እግዚአብሔር ብቻ እንደሚያውቅ በመጽሐፉ አምኗል።

በሜይ 1847 አጋማሽ ላይ በክፍሉ መግቢያ የክሎሪን ውኃ የተሞላ ሳህን አስቀምጦ፣ ማንም እጁን በእርሱ ሳይታጠብ ወላድን እንዳይነካ አዘዘ። ክሎሪኑን የመረጠው የአስከሬኑን ሽታ ከእጅ ላይ የሚያጠፋ እርሱ ስለ ነበረ ነው፤ ቆይቶም ዋጋው ረከስ በሚለው የክሎሪን ኖራ ተካው። ዛሬ በየቤታችን የምንጠቀምበት በረኪና የዚያ ዘመድ ነው። በኤፕሪል ከመቶ 18 ደርሶ የነበረው ሞት በጁን ወደ 2 ግድም፣ በጁላይ ወደ 1 ግድም ወረደ። በ1848 ሙሉ ዓመት ከ3,556 እናቶች የሞቱት 45 ብቻ ሲሆኑ፣ በማርችና በኦገስት አንዲት እናት እንኳ አልሞተችም። ይህ ሥራ በተጀመረበት በ1847 በእኛ አገር የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አርፈዋል፤ ዘመኑን በዚህ መገመት ይቻላል።

ስለ ሕፃናት ማቆያ ለምናስብ ሰዎች ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ግን የተገኘው በኦክቶበር 1847 ነው። በክፍሉ ውስጥ በተርታ ከተኙት መካከል የመጀመሪያዋ የማኅፀን ካንሰር የነበረባት ሴት ነበረች። ሐኪሞቹ ሲገቡ በክሎሪን ታጥበው እርሷን መጀመሪያ መረመሩ፤ ከዚያም በሳሙና ብቻ እየታጠቡ ቀጥሎ ያሉትን መረመሩ። ከእርሷ ጋር በአንድ ጊዜ ከወለዱት 12 ሴቶች 11ዱ ሞቱ። ሴመልቫይስ ከዚህ የተረዳው በሽታ የሚመጣው ከአስከሬን ብቻ ሳይሆን በሕይወት ካለው በሽተኛም ጭምር መሆኑን ነው። ስለዚህም በበር ላይ አንድ ጊዜ መታጠብ እንደማይበቃ፣ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው በተሻገሩ ቁጥር መታጠብ እንደሚገባ ደነገገ። የሞግዚትም ሥራ ይኸው ነው። ማለዳ ሥራ ስትጀምር የታጠበችው እጅ የመጀመሪያውን የሽንት ጨርቅ ከለወጠች በኋላ ንጹሕ አይደለም።

እንዲህ ያለ በቁጥር የተረጋገጠ ውጤት ወዲያው ተቀባይነት ያገኛል ተብሎ ይታሰብ ይሆናል፤ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ዮሴፍ ሽኮዳ፣ ካርል ሮኪታንስኪና ፈርዲናንድ ሄብራ የተባሉት ታላላቅ ሐኪሞች ቢደግፉትም፣ ብዙዎቹ የክቡር ሐኪም እጅ ገዳይ ነው መባሉን እንደ ስድብ ቆጠሩት። አለቃው ክላይን ለሞቱ መቀነስ ምክንያት ያደረገው አዲሱን የአየር ማስተላለፊያ ነው ተብሎ ተጽፏል። በ1849 የሥራ ዘመኑ ሲያበቃ አልታደሰለትም። በ1850 የማስተማር ፈቃድ ቢሰጠውም በሰው አምሳያ ላይ ብቻ እንዲያስተምር የሚገድብ ስለ ነበረ፣ ለወዳጆቹ እንኳ ሳይሰናበት ቪዬናን ትቶ ወደ አገሩ ተመለሰ።

የራሱም ጥፋት ነበረበት። የደረሰበትን ለዓመታት በጽሑፍ አላወጣም፤ ለሕዝብ ያስታወቁለት ወዳጆቹ ነበሩ። መጽሐፉ የታተመው ሥራው ከተጀመረ 14 ዓመት ቆይቶ፣ በ1861 ነው። እርሱም ቢሆን ረጅምና ድግግሞሽ የበዛበት ነበር። ተቀባይነት ሲያጣ ደግሞ ለታላላቅ ፕሮፌሰሮች ግልጽ ደብዳቤ እየጻፈ ነፍሰ ገዳዮች ብሎ ከሰሳቸው። እውነትን መያዝ አንድ ነገር ነው፤ እውነትን ሰው በሚቀበልበት መንገድ ማቅረብ ግን ሌላ ሙያ ነው። እኛም ጥሩ ስሌት ሠርተን ባለ ንብረቱን ማስረዳት ሲያቅተን የምንወድቀው በዚሁ ጉድጓድ ነው።

በፔሽት ከተማ በሚገኘው በቅዱስ ሮኩስ ሆስፒታል ከ1851 ጀምሮ ያለ ደመወዝ የማዋለጃውን ክፍል መራ። እስከ 1855 ድረስ ከወለዱት 933 እናቶች በአራስ ትኩሳት የሞቱት 8 ብቻ ነበሩ። በ1855፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በደረስጌ ማርያም ዘውድ በጫኑበት ዓመት፣ የፔሽት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። እዚያም ትኩሳቱ እንደ ገና ሲነሣበት እጅ ሁሉ እየታጠበ ሳለ ከየት መጣ ብሎ መረመረ፤ ምክንያቱም በሚገባ ሳይታጠብ የሚመለሰው የአልጋ ልብስ ሆኖ አገኘው። አስተዳደሩን ሳይታክት ተከራክሮ አሠራሩን አስለወጠ። እጅ ብቻውን በቂ አይደለም፤ አንሶላው፣ ዕቃው፣ ጠረጴዛውም የእጅ ተባባሪ ነው።

በ1857 ትዳር ይዞ 5 ልጆች ሲወልድ ሁለቱ በሕፃንነታቸው ሞተውበታል። በ1865 አእምሮው ታወከ። በጁላይ ወር መጨረሻ አዲስ የሕክምና ተቋም ትጎበኛለህ ተብሎ ወደ ቪዬና ተወስዶ በአእምሮ ሕሙማን ቤት ተዘጋበት። ሊወጣ ሲታገል ጠባቂዎች ደበደቡት፤ ቁስሉ አመርቅዞ ደሙ ተመርዞ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ኦገስት 13 ቀን 1865፣ በ47 ዓመቱ ሞተ። ዕድሜውን ሙሉ የታገለው ዓይነት መመረዝ ራሱን ገደለው። እርሱ ከመሞቱ በዋዜማው በስኮትላንድ ጆሴፍ ሊስተር የአንድን ልጅ የተሰበረ እግር ቁስል በካርቦሊክ አሲድ ማከም ጀምሮ ነበር። በ1879 ደግሞ ሉዊ ፓስተር የአራስ ትኩሳትን የሚያመጣውን ተህዋስ ለፓሪስ ሊቃውንት አሳየ። ዛሬ በቡዳፔሽት ያለው ታላቁ የሕክምና ዩኒቨርሲቲ በሴመልቫይስ ስም ይጠራል።

ይህ ሁሉ ከአረርቲው ኮሪደር ጋር ምን ያገናኘዋል? በአገራችን እናቶች ወደ ሥራ መሰማራታቸው እየበዛ ሲሄድ የሕፃናት ማቆያም የግድ እየሆነ መጥቷል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው ሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ደንግጎ ነበር። በአንድ ክፍል ተሰብስበው የሚውሉ፣ ያገኙትን ሁሉ ወደ አፋቸው የሚሰዱ ሕፃናት እንደ ቪዬናው ክፍል በአንድ እጅ ሥር ያልፋሉ። ተቅማጥና ጉንፋን በዚያ እጅ ይጓዛሉ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና በገባ ጊዜ በየደጃፉ በርሜልና ቧንቧ ተተክሎ ሕዝቡ ሁሉ ሲታጠብ አይተናል። ወረርሽኙ ሲረሳ ብዙው በርሜል ደርቆ ቀረ። ከዚህ የምንረዳው እጅ መታጠብ በትእዛዝና በፍርሃት እንደሚጀመር፣ የሚዘልቀው ግን ውኃው ከሥራው አጠገብ ሲገኝ መሆኑን ነው።

ሴመልቫይስ ሳህኑን ያኖረው በበሩ ላይ ነበር፤ ኋላ ግን በየወላዷ መካከል መታጠብ እንደሚያሻ ተረዳ። ያንን ርቀት ማሳጠር የሐኪም ሳይሆን የእኛ ድርሻ ነው። የሽንት ጨርቅ መለወጫው ጠረጴዛ ሞግዚቷ ሳትራመድ እጇን የምትዘረጋበት ቧንቧ ሊኖረው ይገባል፤ ቧንቧውም በክርን የሚከፈት ቢሆን ይመረጣል። ምግብ የሚዘጋጅበትና ጨርቅ የሚለወጥበት ስፍራ መለያየት፣ ውኃቸውም በአንድ ሳህን አለመገናኘት አለበት። ለልጆቹ በቁመታቸው ልክ የተሠራ መታጠቢያ ያስፈልጋቸዋል። ወለሉና ጠረጴዛው ውኃ የማይመጥና በበረኪና የሚታጠብ ይሁን። ውኃ በፈረቃ በሚዳረስበት ከተማ ደግሞ ሮቶ የምንለው ማጠራቀሚያ በሞግዚቶቹና በሕፃናቱ ቁጥር፣ በቀን በሚለወጠው የሽንት ጨርቅ ብዛት ተሰልቶ መተከል አለበት።

በአረርቲው ማቆያ ቧንቧውን በግድግዳው በኩል አሳልፈን ከመለወጫው ጠረጴዛ አጠገብ አንድ መታጠቢያ ጨመርን። የፈጀው ጥቂት ሜትር ቧንቧ፣ አንድ ሳህንና የሁለት ቀን የሠራተኛ ጉልበት ነበር። በመጀመሪያው ንድፍ ላይ ቢታሰብ ኖሮ ግድግዳ መብሳት ባላስፈለገ፣ እነዚያ ሕፃናትም ባልተሠቃዩ ነበር። ሴመልቫይስ ጥፋቱን ሳይሸሽግ መዝግቦ አልፏል። እኔም ይህችን የ22 እርምጃ ጥፋት በማኅበራችን መጽሔት ላይ መመዝገቤ ሌላው ባልደረባዬ እንዳይደግማት ነው።