ኢልያ ሜችኒኮፍ፥ የሰውነታችንን ዘበኞች ያገኘው ሰው

በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ እንድንጽፍ በተፈቀደልን ጊዜ፥ ስለ አንድ ታላቅ ሊቅ ሕይወት ለመጻፍ መረጥን። ምክንያታችንም ከሰፈራችን የመጣ ነው። በኮልፌ ቀራንዮ፥ ዘነበ ወርቅ በሚባለው ሰፈር፥ ከአለርት ሆስፒታል ጋራ በ1970 የተቋቋመ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም አለ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ያሉ ሊቃውንት የሰውነታችን ተከላካይ ሕዋሳት ከሥጋ ደዌ ጋራ እንዴት እንደሚታገሉ ሲመረምሩ ኖረዋል። ሐንሰን በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ያገኘ የኖርዌይ ሐኪም ነው። እነዚያን ታጋይ ሕዋሳት ለዓለም ያስታወቀው ግን ሌላ ሰው ነው፤ ስሙም ኢልያ ሜችኒኮፍ ይባላል።

ሜችኒኮፍ በ1845 በዛሬይቱ ዩክሬን፥ በካርኮፍ ከተማ አጠገብ ባለ መንደር ተወለደ። አባቱ የሩስያ ንጉሠ ነገሥት የክብር ዘበኛ መኮንን ነበሩ፤ ሳይንስ እንዲማር ያበረታቱት ግን እናቱ ናቸው። ብርቱ ተማሪ ስለ ነበረ፥ በካርኮፍ ዩኒቨርሲቲ የአራት ዓመቱን ትምህርት በሁለት ዓመት ፈጸመ። የተማረውም ሕክምና ሳይሆን የተፈጥሮ ሳይንስ ነበር።

ይህ ሰው ብዙ መከራ ያየ ነው። በ1869 ሉድሚላ የምትባል ልጃገረድ አገባ፤ ሙሽራይቱ በሳንባ በሽታ እጅግ ደክማ ስለ ነበር ለጋብቻቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን የገባችው በወንበር ላይ ተሸክመዋት ነው። እርስዋን ለማዳን ብዙ ደከመ፤ ነገር ግን በ1873 ሞተች። እርሱም ከሐዘኑ ብዛት የተነሣ ሕይወቱን ለማጥፋት እስከ መሞከር ደረሰ፤ ሆኖም ተረፈ። ሁለተኛይቱ ሚስቱ ኦልጋ ደግሞ በ1880 በታይፎይድ በጠና ታመመች። እንደገናም ተስፋ ቈርጦ፥ የግርሻ በሽተኛ ደም ወደ ገዛ ሰውነቱ አስገባ። ግርሻ በቅማል የሚተላለፍ፥ በአገራችንም ብዙ ሰው የፈጀ ትኩሳት ነው። ሜችኒኮፍ ለሞት ቀርቦ ነበር፤ ነገር ግን ዳነ፤ ኦልጋም ዳነች። ታላቁ ሥራው የመጣው ከዚህ ሁሉ ጨለማ በኋላ ነው።

በ1882 ከኦዴሳ ዩኒቨርሲቲ ሥራውን ለቅቆ፥ ከቤተ ሰቡ ጋራ በኢጣልያ ደሴት በሲሲሊ፥ በመሲና ከተማ ተቀመጠ። አንድ ቀን ቤተ ሰቡ የዝንጀሮ ትርኢት ለማየት ሲሄዱ እርሱ ለብቻው ቀርቶ የኮከብ ዓሣን ጨቅላ በማይክሮስኮፕ ይመለከት ነበር። ይህ ፍጥረት እንደ ብርጭቆ የጠራ ስለ ሆነ በሰውነቱ ውስጥ የሚንቀሳቀሱት ሕዋሳት በግልጽ ይታያሉ። በዚያን ጊዜ፥ እነዚህ ሕዋሳት ሰውነትን ከባዕድ ነገር የሚጠብቁ ይሆናሉ የሚል ሐሳብ ድንገት መጣለት። ወደ አትክልቱ ቦታ ወጥቶ የጽጌረዳ እሾኽ አመጣና በጨቅላው ቆዳ ሥር ሰካው። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም። ሲነጋ ቢያይ ሕዋሳቱ እሾኹን ከበውት ተገኙ። እነዚህንም ሕዋሳት ፋጎሳይት፥ ይኸውም በላተኛ ሕዋስ አሏቸው፤ ከእነርሱም ትልልቆቹን ማክሮፋጅ ብሎ ሰየማቸው።

ነገር ግን ሊቃውንቱ ወዲያው እሺ አላሉትም። በተለይም የጀርመን ሊቃውንት፥ ሰውነትን የሚጠብቀው በደም ውስጥ ያለው ፈሳሽ እንጂ ሕዋስ አይደለም እያሉ ተቃወሙት። እርሱ ግን በ1888 በፓሪስ ታላቁ ፓስተር የሥራ ክፍል ሰጥቶት፥ ለ28 ዓመት ያህል በትዕግሥት እየሠራ መልስ ሰጠ። በ1908 የኖቤል ሽልማት ለእርሱና ከፈሳሹ ወገን ለነበረው ለጀርመናዊው ለፓውል ኤርሊኽ በአንድነት ተሰጠ። እንደ እውነቱም ከሆነ ሁለቱም ወገኖች ትክክል ነበሩ። ኤርሊኽም በሚቀጥለው ዓመት፥ የሰውነት መከላከያ ባይገታው ኖሮ ካንሰር ከሚታየው ይልቅ እጅግ በበዛ ነበር የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሜችኒኮፍ በሽምግልናው የረጋ ወተት ዕድሜን ያረዝማል ብሎ ስላመነ በየቀኑ ይጠጣ ነበር፤ እርጎ ለምንወድ ለእኛ ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው። በ1916፥ በ71 ዓመቱ፥ በፓሪስ አረፈ።

አሁን አንባቢዎቻችን፥ ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል ብለው ይጠይቁ ይሆናል። መልሳችንን ከእናቶቻችን እንጀምራለን። በሴት ማሕፀን ውስጠኛው ሽፋን የሜችኒኮፍ ማክሮፋጆች ይኖራሉ። በየወሩ ሽፋኑ ፈርሶ ደም ሲፈስ፥ ፍርስራሹን የሚያጸዱትና ቍስሉ እንዲድን የሚረዱት እነርሱ ናቸው። በዚህ ሽፋን ላይ ካንሰር ሲነሣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ካንሰር እንደ እሾኽ ከውጭ የመጣ አይደለም፤ የገዛ ሰውነታችን ሕዋስ ሥርዐቱን ጥሶ ሲበዛ ነው። ስለዚህ ዘበኛው በቀላሉ አይለየውም። ከዚህም የባሰ፥ ዕጢው በኬሚካል መልእክት ማክሮፋጆችን ወደ ራሱ ይጠራና ሥራቸውን ያስለውጣቸዋል፤ እነርሱም የደም ሥር እንዲያበቅል ይረዱታል፥ ቲ-ሴል የተባሉትንም ሌሎች ተከላካዮች ያዳክማሉ። የሥጋ ደዌም ባክቴሪያ እንዲሁ በማክሮፋጅ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። እንግዲህ ዘበኛ ያለበት ቤት ሁሉ ይጠበቃል ማለት አይደለም።

ሆኖም ተስፋ አለ። ከማሕፀን ሽፋን ካንሰሮች ሩብ ያህሉ የዘር መልእክታቸውን ስሕተት የሚያርሙበት መሣሪያ የተበላሸባቸው ናቸው። ስሕተታቸው ስለሚበዛ ባዕድ መስለው ይታያሉ፥ ቲ-ሴሎችም ይሰበሰቡባቸዋል፤ ዕጢው ግን እንደ መኪና ፍሬን ያለ ነገር ይዞ ያቆማቸዋል። ይህን ፍሬን መልቀቅ እንደሚቻል ያሳዩት አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰንና ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ በ2018 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። እንዲህ ያለው መድኃኒት የመሣሪያው ብልሽት ላለባቸው ካንሰሮች ሁሉ በአሜሪካ በ2017 ተፈቀደ፤ ዋጋው ግን እጅግ ውድ ነው።

ስለዚህ ለእኛ የሚቀርበው መፍትሔ ሌላ ነው። የዚህ ካንሰር ዋና ምልክት የወር አበባዋ ፈጽሞ ከተቋረጠ ሴት ደም መፍሰሱ ነው። ቶሎ ከታወቀ፥ ማሕፀንን በማውጣት ቀዶ ሕክምና አብዛኞቹ ይድናሉ። ነገር ግን በየቤታችን እናቶችና አያቶች እንዲህ ያለውን ነገር ለልጅ መናገር ነውር ነው ብለው ይደብቁታል፤ እኛም ልጆቻቸው አንጠይቃቸውም። ሜችኒኮፍ ማንም ያልጠረጠረውን ነገር በጠራው ፍጥረት ውስጥ ተመልክቶ አገኘ። የእኛ ቤት ግን እንደ ኮከብ ዓሣው የጠራ አይደለም፤ በውስጡ ያለው የሚታወቀው ሲነገር ብቻ ነው። እንግዲህ እኛ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን የምንፈጽም ተማሪዎች፥ ከዚህ በዓል ወደ ቤታችን ስንመለስ እናቶቻችንን በአክብሮት ጤንነታቸውን እንጠይቅ፤ ምልክቱን ካዩም ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት እንውሰዳቸው። በውስጥ ያለው ዘበኛ ሲደክም፥ በውጭ ያለነው ዘበኞች መተኛት አይገባንም።