የመኪናችንን ቅዝቃዜ የፈጠረው ሰው፦ የቶማስ ሚጅሊ ሕይወት

ዛሬ የምንተርክላችሁ የንጉሥ ወይም የጦር መሪ ታሪክ አይደለም፤ የአንድ መሐንዲስ ሕይወት ነው። ለምን እሱን መረጣችሁ ብትሉን፣ አርባ ምንጭ ስለምንኖር እንላለን። በየካቲትና በመጋቢት ሙቀት ከሲቀላ ወደ ሴቻ በአሮጌ ትንሽ መኪና የተጓዘ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። ሹፌሩ የማቀዝቀዣውን ቁልፍ ይጫናል፤ የሚወጣው ግን ወላፈን ነው። መካኒክ ዘንድ ሲሄድም ብዙ ጊዜ የሚነገረው ጋዙ አልቋል የሚል ነው። ወደ ጨንቻ ለሚወጣ ሰው ይሄ ችግር አይደለም፤ መስኮት መክፈት ይበቃዋል፣ እንዲያውም ጋቢ ይፈልጋል። እኛ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለነው። ታዲያ ይህ አለቀ የሚባለው ጋዝ ምንድን ነው? ማንስ ሠራው?

ቶማስ ሚጅሊ እ.ኤ.አ. በ1889 በአሜሪካ፣ በፔንሲልቬንያ ግዛት፣ ቢቨር ፎልስ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱም ፈልሳፊ ነበር፤ በመኪና ጎማ ሥራ ላይ ብዙ የደከመ ሰው ነው። ልጁ በኮርኔል ዩኒቨርስቲ የተማረው ግን ኬሚስትሪ ሳይሆን መካኒካል ምሕንድስና ሲሆን በ1911 ተመረቀ። ይህን ልብ በሉልን፤ ዓለም በኬሚስትነቱ የሚያውቀው ሰው ኬሚስትሪን ያጠናው በሥራ ላይ ሆኖ ነው። የንጥረ ነገሮችን ሠንጠረዥ በኪሱ ይዞ ይዞር ነበር ይባላል። ከመካከላችን ያንን ሠንጠረዥ ፈተና ካልደረሰ የሚያየው ስንቱ ነው?

በ1916 በዴይተን ከተማ የቻርልስ ኬተሪንግ ቤተ ሙከራ ሠራተኛ ሆነ። በዚያን ጊዜ የመኪና ሞተር ቤንዚኑ ያለ ጊዜው እየተቀጣጠለ ያንኳኳ ነበር። ሚጅሊ መድኃኒቱን ለማግኘት ዓመታት ከፈተሸ በኋላ በታኅሣሥ 1921 እርሳስ የተባለው ብረት ያለበትን ቴትራኤትል ሌድ የተባለ ውሁድ አገኘ። ጥቂቱ ቤንዚን ውስጥ ሲጨመር ማንኳኳቱ ቀረ። ሸቀጡም በ1923 ገበያ ላይ ሲውል ኤትል ብቻ ተብሎ ተሰየመ፤ እርሳስ የሚለው ቃል ከስሙ ወጣ። ነጋዴ ሲጠራው እንዲህ ነው እንግዲህ!

እርሳስ መርዝ መሆኑ ግን ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ሚጅሊ ራሱ በዚያው ዓመት መጀመሪያ በእርሳስ ተመርዞ ሥራውን ትቶ ለማገገም ወደ ማያሚ ሄዶ ነበር። በጥቅምት 1924 በኒው ጀርሲ በአንድ ማጣሪያ ይህንኑ ውሁድ ሲሠሩ የነበሩ አምስት ሠራተኞች ሞቱ። ሕዝቡ ሲደናገጥ ሚጅሊ በጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ ፈሳሹን እጁ ላይ አፈሰሰ፤ ትነቱንም ለአንድ ደቂቃ ያህል አሸተተ፤ ጉዳት የለውም ለማለት ነው። እኛ ይህን ሥራውን ልናደንቅለት አንችልም፤ ያወቀውን ሰውሯልና። እርሳስ ያለበት የመኪና ቤንዚን ከዓለም ገበያ ጨርሶ የወጣው በ2021 ነው፤ የመጨረሻዋም አገር አልጄሪያ ነበረች።

አሁን ወደ ቅዝቃዜው እንምጣ። የማቀዝቀዣ ምሥጢሩ እንስራ ነው ብንል አንሳሳትም። የእንስራ ውሃ የሚቀዘቅዘው በሸክላው ላይ የሚያልበው ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው። መርፌ ሊወጉን ሲሉ ክንዳችን ላይ የሚቀቡት አልኮልም እንደዚያው ነው። በማሽን ውስጥ ይህን ደጋግሞ ለማድረግ በቀላሉ የሚተንና ተመልሶ ፈሳሽ የሚሆን ነገር ያስፈልጋል። በ1920ዎቹ ለዚህ ሥራ የዋሉት አሞኒያ፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይድና ሜትል ክሎራይድ ነበሩ። አንዱ ያቃጥላል፣ አንዱ ያፍናል፣ አንዱ ሳይሸት ይገድላል። ሌሊት ከማቀዝቀዣው ጋዝ ሾልኮ ቤተሰብ የተፈጀበት ጊዜም ነበር።

በ1928 ኬተሪንግ ሚጅሊን ጠርቶ የማይመርዝና የማይቃጠል ጋዝ ፈልግልኝ አለው። ሚጅሊ፣ አልበርት ሄንና ሮበርት ማክኔሪ ሆነው መጀመሪያ የተመለከቱት ያንኑ የንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ነው። በቀላሉ የሚተን ውሁድ የሚሠሩት ንጥረ ነገሮች በሠንጠረዡ ቀኝ በኩል ናቸው፤ ወደ ታች ሲወረድ መርዛማነት፣ ወደ ግራ ሲኬድ ተቀጣጣይነት ይበዛል። ሁለቱን ለመሸሽ ወደ ቀኙ ላይኛ ጥግ ሲሄዱ የጠበቃቸው ፍሎሪን ሆነ። ማንም ሰው የሚፈራው ፍሎሪን! ከካርቦን ጋር አጥብቆ ከተሳሰረ ግን ጉዳት የማያደርስ መሆኑን ገመቱ።

የሚያስገርመው የሙከራው ነገር ነው። ለመነሻ የሚሆን የአንቲሞኒ ውሁድ አምስት ትንንሽ ጠርሙስ ገዙ። በአንደኛው ጠርሙስ የሠሩትን ጋዝ ለሙከራ እንስሳ ቢሰጡት ምንም አልሆነም። በሁለተኛው ሲደግሙት እንስሳው ሞተ። ሲመረምሩት የቀሩት አራቱ ጠርሙሶች በባዕድ ነገር የተበከሉ ሆነው ተገኙ፤ ከነሱ ሲሠራ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለጦር መሣሪያ የዋለው ፎስጂን የተባለ መርዝ ይፈጠራል። አስቡት፣ እጃቸው መጀመሪያ ከአራቱ አንዱን ቢያነሣ ኖሮ ሐሳቡን ምናልባት እዚያው በተዉት ነበር። ውጤቱ ከክሎሪን፣ ከፍሎሪንና ከካርቦን የተሠራው፣ በኋላ ፍሪዮን ወይም አር 12 የተባለው ጋዝ ነው። በ1930 ሚጅሊ በአሜሪካ ኬሚስቶች ጉባኤ ላይ ጋዙን ወደ ሳንባው ስቦ በሻማ ላይ ሲተነፍሰው ሻማው ጠፋ። አለመመረዙም አለመቃጠሉም በአንድ ትንፋሽ ታየ። እንዲህ ያለ የክፍል ማሳያ መቼም አይረሳም፤ እናንተ ግን እንዳትሞክሩት!

ከዚያ ወዲያ ክብር በክብር ሆነ። በ1941 የፕሪስትሊን ሜዳሊያ ተሸለመ፤ በ1944 ደግሞ የዚያው የኬሚስቶች ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበር። ሰውነቱ ግን ከድቶት ነበር። በ1940 ፖሊዮ ይዞት እግሮቹ ሽባ ሆኑ። መሐንዲስ ነውና ከአልጋው የሚያነሣው የገመድና የመዘውር መሣሪያ ለራሱ ሠራ። ኅዳር 2 ቀን 1944 በዚያው ገመድ ታንቆ ሞቶ ተገኘ፤ ዕድሜው 55 ነበር።

ከሞተ 30 ዓመት በኋላ፣ በ1974፣ ሞሊናና ሮውላንድ የተባሉ ተመራማሪዎች የፍሪዮን ጋዞች ከምድር አጠገብ ስለማይፈርሱ ወደ ላይ ወጥተው በፀሐይ ጨረር ሲሰባበሩ ክሎሪናቸው የኦዞንን ሽፋን እንደሚበላ ገለጹ። በ1985 ከአንታርክቲካ በላይ ያለው ኦዞን ክፉኛ መሳሳቱ ተዘገበ፤ በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፤ ኢትዮጵያም በ1994 ገባችበት። አር 12 ማምረት በታዳጊ አገሮችም ከ2010 መግቢያ ጀምሮ ቆመ። በእኛ አስተያየት የሚጅሊን ሁለት ሥራዎች በአንድ ሚዛን መፍረድ አይገባም። የእርሳሱን አደጋ ያውቅ ነበር፤ የኦዞኑን ግን በሱ ዘመን ያወቀ ሰው አልነበረም።

ታዲያ አሮጌዋ መኪና? ከ1990ዎቹ መጀመሪያ በፊት የተሠራች ከሆነች የተሠራችው ለአር 12 ነው። ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም፤ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ የሚዞር ነውና ከጠፋ ሾልኳል ማለት ነው። የሚሾልከውም በኮምፕሬሰሩ ዘንግ ዙሪያ፣ በመገጣጠሚያ የጎማ ቀለበቶች፣ ወይም ከራዲያተሩ ፊት ቆሞ የመንገዱን ጠጠር በሚቀበለው ኮንዴንሰር ነው። ሽንቁሩን ሳይፈልጉ ጋዝ መሙላት ገንዘብን አየር ላይ መበተን ነው፤ ውስጡ ግፊት ካለ የሳሙና አረፋ መገጣጠሚያዎቹ ላይ መቀባት ትልልቁን ሽንቁር ያሳያል። በምትኩ የሚሞላው አር 134ኤ ኦዞንን አይጎዳም፤ ምድርን በማሞቅ ግን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,000 እጥፍ በላይ ይበረታል። ከአሮጌው የማዕድን ዘይት ጋር ስለማይዋሐድ ዘይቱ ተለውጦ፣ እርጥበት መምጠጫው ተተክቶ፣ ቱቦው በፓምፕ ከአየርና ከእርጥበት ባዶ ሳይደረግ መሞላት የለበትም፤ የቀረች ጠብታ ውሃ በጠባቡ ቫልቭ ላይ በረዶ ሆና መንገዱን ትዘጋለችና። የሚሞላውም መጠን ከድሮው በጥቂቱ ያነሰ ነው። ቱቦው ውስጥ የተረፈ አሮጌ ጋዝ ካለ በመሳቢያ መሣሪያ ወደ ሲሊንደር ይወሰዳል እንጂ አይለቀቅም፤ በአጠገቡም እሳት አይነድም፤ አር 12 ከነበልባል ጋር ሲገናኝ ያንኑ ፎስጂን ጨምሮ መርዛም ጋዞች ይወጡታል።